ራሴን ላሻሽል ብዬ ከሰው ራቅኩ፤ አሁን ወዴት ልመለስ?

የጠያቂው ደብዳቤ አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 31 ነው። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ደብረ ብርሃን በአንድ ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ አምስት ዓመት አለፈኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ራሴን ለመለወጥ ቆርጬ ተነሣሁ። የጎረቤት ቡና ትርፉ ሐሜት ነው ብዬ ተውኩ። ዕድርም የሽማግሌ ነገር መስሎኝ መክፈል አቆምኩ። ማታ 5 ሰዓት ተኝቼ ሌሊት 10 ሰዓት እነሣለሁ፤ በቀዝቃዛ ውኃ እታጠባለሁ፤ ስፖርት እሠራለሁ፤ ስለ ስኬት የሚያስተምሩ ሰዎችን በስልክ አዳምጣለሁ። ‹21 ቀን የተደጋገመ ነገር ልማድ ይሆናል› ሲባል ሰምቼ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ አቋረጥኩ። አምና ነሐሴ የአክስቴ ባል ሲሞት ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር 2,000 ብር በቴሌብር ልኬ ቀረሁ። ጥር ላይ ደግሞ አባቴ ዐረፈ። ከደብረ ብርሃን መንዝ ድረስ መጥቶ ለቅሶ የደረሰኝ ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ሦስቱም የመሥሪያ ቤት ሰዎች። ከተመለስኩ በኋላም በሬን ያንኳኳ ጎረቤት የለም። ስልኬ ላይ ከ600 በላይ ስም አለ፤ ሌሊት ቢያመኝ የምደውልለት ሰው ግን የለኝም። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? እንደ እኔ መለወጥ የሚፈልጉ ሰዎችን ፈልጌ አዲስ ወዳጅ ላፍራ ወይስ ወደ ድሮው ልመለስ? ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስተምር ሥልጠና ካለም ይጠቁሙኝ።»

ከመጨረሻው ልነሣ። ሥልጠና አልጠቁምህም። አንተ የጎደለህ የመግባባት ችሎታ አይደለም፤ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው ከሰው ጋር ማውራት አያቅተውም። ጆን ካቾፖ ያሉበት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ብቸኝነትን ለመቀነስ የተሞከሩ መንገዶችን ሰብስበው አነጻጽረው ነበር። አንዳንዱ የመግባባት ችሎታ ያስተምራል፣ አንዳንዱ ሰዎችን በአንድ ቦታ ያገናኛል፣ አንዳንዱ ደጋፊ ይመድባል፣ አንዳንዱ ደግሞ ብቸኛው ሰው ስለ ሌሎች ያለውን ግምት መርምሮ እንዲያርም ያግዛል። ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያሳየው የመጨረሻው ነው። እኔም ከዚያው እጀምራለሁ፤ በደብዳቤህ ውስጥ ያቃጨለብኝ አንድ ቃል ስላለ። «ሦስት ሰው ብቻ» ያልከው።

ሒሳብ አዋቂ ነህና መልሰህ ቁጠር። ሦስት ሰዎች ከሥራቸው ፈቃድ ጠይቀው፣ በጥር ብርድ ጣርማበርን አልፈው፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ በርግጠኝነት ሳያውቁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ አብሯቸው ላልጠጣ ሰው አባት ሊያለቅሱ መንዝ ድረስ መጡ። ይህ ብዙ ነው። እኔ በዚህ ሙያ ስቆይ፣ መንደሩ ሙሉ ለቅሶ ደርሶት ከዚያ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ሰው የሌለው ብዙ ሰው አይቻለሁ። የመጡትን ሦስት ሰዎች ስም ቀርቶ ከመካከላቸው የአንዱን አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍክልኝም። ያልመጡትን ግን ቆጥረሃል።

ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። ብቸኝነት ሲቆይ አእምሮን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ካቾፖ ዓመታት የደከመበት ጉዳይ ይህ ነበር፦ ለረጅም ጊዜ ብቸኝነት የተሰማው ሰው አእምሮ እንደ ሌሊት ዘበኛ ይሆናል፤ ነፋስ ያንኮሻኮሸው ቅጠል ሁሉ ሌባ ይመስለዋል። ሰላምታ ሳይሰጥ ያለፈ የሥራ ባልደረባ «ንቆኝ ነው» ይባላል፤ ምናልባት ሰውየው የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰበ ነበር። ዘበኛው በሩን አጥብቆ በዘጋ ቁጥር የሚያንኳኳው ይቀንሳል፤ አለማንኳኳታቸው ደግሞ መልሶ ማስረጃ ይሆናል። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው በሩን ከውስጥ በመክፈት ነው። የመጀመሪያው የቤት ሥራህም እነዚያ ሦስት ሰዎች ናቸው። በየተራ ቤታቸው ሂድ፤ ቢሮ ውስጥ ቆመህ «አመሰግናለሁ» ማለት አይበቃም። አንድ ኪሎ ስኳር ወይም ቡና ያዝና «አባቴን ልታለቅሱልኝ ያን ያህል መንገድ መጣችሁ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ደጃችሁን አልረገጥኩም» በል። ሌላ ንግግር አያስፈልግም፤ የቀረውን የቤቱ ሰዎች ያስኬዱታል።

ወደ ጎረቤቶችህ ስንመጣ፣ ምን ብለው ያንኳኩ? በከተማ ሰፈር የሞት ወሬ በዋናነት የሚደርሰው በዕድር በኩል ነው፤ ጥሩምባ ነፊ ባለበት በጥሩምባ፣ በሌለበት በስልክና በአፍ። አንተ ከመዝገቡ ወጥተሃል። አባትህ ያረፉት መንዝ፣ የተቀበሩት መንዝ፣ አንተ የተመለስከው በሌሊት ፈረቃ ከሚገባው የፋብሪካ ሰው ጋር ተቀላቅለህ ነው። ብዙዎቹ ዛሬም አልሰሙ ይሆናል። አባል ብትሆን ኖሮ የዕድሩ ደንብ እናት አባት ሩቅ አገር ለሞተበት አባል ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የጻፈው ነገር ይኖረዋል፤ ዝርዝሩ ከዕድር ዕድር ቢለያይም ገንዘቡ ይሰጣል፣ አባላቱም ቤትህ መጥተው ያስተዛዝናሉ። ሰው መጥቶ እንዲቀመጥልህ የግድ ተወዳጅ መሆን አልነበረብህም። ዕድር የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው «ማን ይወደኛል?» ብሎ እንዳይጨነቅ ጉዳዩን ከመወደድ አውጥቶ ተራና ግዴታ አደረገው።

«የሽማግሌ ነገር» የሚለውም መታረም አለበት። ዕድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ ከጥንት የወረደ የገጠር ሥርዓት አይደለም። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሰዎች፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ ማን ይቀብረናል ብለው ያደራጁት ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። በሌላ አነጋገር የፈጠረው አንተን የመሰለ ሰው ነው፦ ለሥራ የመጣ፣ ቤት የተከራየ፣ እናቱ ሩቅ ያለች። ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት በፋብሪካና በዩኒቨርሲቲ ምክንያት እንዲህ ባለ እንግዳ ስትሞላ ዕድር ይበልጥ እንጂ ያነሰ አላስፈለገም።

ስለ ቡናው ደግሞ በቁጥር እንነጋገር። ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ በቅርቡ ወደ አዲስ ቦታ የተዛወሩ ሰዎችንና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ተከታትሎ፣ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመሸጋገር ወደ 50 ሰዓት፣ ወደ ጓደኝነት ለመድረስ ወደ 90 ሰዓት፣ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። አሜሪካውያን ናቸው፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዘው። ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ እስኪነሣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብትቀመጥ በዓመት ከ100 ሰዓት ያልፋል። ሁለት ዓመት ሲሆን 200። ራስህን ለማሻሻል ብለህ የሰረዝከው ሰዓት፣ አሁን የጎደለህን ወዳጅ ለማፍራት የሚያስፈልገው ሰዓት ራሱ ነው። ይህን ስጽፍ እየቀለድኩብህ አይደለም፤ እኔም የድኅረ ምረቃ ትምህርቴን ስማር ጎረቤቶቼን በዚሁ ምክንያት ሸሽቼ አውቃለሁ፤ ልጄ በታመመች ሌሊት መኪና ያመጣልኝ ግን ቡናውን የምሸሸው ጎረቤት ነበር።

ሐሜት የለም አልልህም። አለ፤ ሰው ያጣላል፣ ትዳርም ያፈርሳል። ነገር ግን ስለሌለ ሰው የሚወራ ሁሉ ሐሜት ነው ብለህ ከሆነ የተነሣኸው ብዙ ነገር አብረህ ጥለሃል። «የእገሌ ልጅ ከዐረብ አገር ተመለሰች»፣ «እትዬ እገሊት ወገባቸውን ያማቸዋል»፣ «ቦኖው ነገም ውኃ የለውም» የሚባለው ሁሉ ስለሌላ ሰውና ስለ ሰፈር የሚወራ ነው፤ አብዛኛው ክፉም ደግም የሌለበት፣ ሰፈሩ ራሱን የሚያውቅበት ወሬ ነው። ያንተን አባት ዜና ሊያደርስ ይችል የነበረውም እሱ ነው። ሰውን የሚያዋርድ ወሬ ሲመጣ መውጫው ቀላል ነው፦ የራስህን ጉዳይ አምጣ። «ይህን የቤት ኪራይ እንዴት አድርጌ ነው የምቋቋመው?» ብለህ ብትጠይቅ ሰብሳቢው ሁሉ ሐሜቱን ትቶ ወደ አንተ ይዞራል። ምክር የሚጠየቅ ሰው ሐሜት አያምረውም።

አሁን ወደ ልማዱ። የ21 ቀኑ ነገር ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ ወደ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ፤ «ቢያንስ» የሚለው ቃል በመንገድ ላይ ጠፋና ለልማድ ሁሉ ሕግ ሆነ። ፊሊፓ ላሊ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትላ ያገኘችው ሌላ ነው፦ አንድ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰውና ከነገር ነገር ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ደግሞ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ያን ያህል አላበላሸውም። ስለዚህ አራት ጊዜ አልወደቅህም፤ አራት ጊዜ ገና ሳይበስል ድስቱን አወረድከው። በዚያ ላይ መነሣቱን፣ ውኃውን፣ ስፖርቱንና ንግግሩን በአንድ ምጣድ ጣድክ።

ከነዚህ መካከል ወዲያውኑ እንድትተወው የምነግርህ የእንቅልፍ ሰዓትህን ነው። ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 10 አምስት ሰዓት ነው፤ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልጋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ድካም ብቻ አይደለም የሚሰማው። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌሎች ሲጠጉት ይበልጥ ይርቃል፣ ብቸኝነቱም ይጨምራል፤ ሌሎችም ሲያዩት ለመቅረብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል። ራስህን ለማሳደግ የምትነሣበት ሰዓት ከሰው የሚያርቅህን ስሜት እየመገበው ነው። ማልዶ መነሣት ከፈለግክ ማታ 3 ሰዓት ተኛ፤ ካልቻልክ 12 ሰዓት ተነሣ። ስለ ቀዝቃዛው ውኃ ብዙ አልልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ድንገት በቀዝቃዛ ውኃ ባይጠመቅ ይሻለዋል፣ ሌላውም ሰው ውኃውን ቢያሞቅ ስንፍና አይባልም።

ጥበብን በተመለከተ «ብልህ ሰው ለመሆን ነው ይህን ሁሉ የጀመርኩት» የሚል መንፈስ ከደብዳቤህ ውስጥ ይነበባል። ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎች ስለ ጓደኛቸው የፍቅር ችግር ሲጠየቁ አርቀው ያስባሉ፣ የሌላውን ወገን ይመረምራሉ፣ «የማላውቀው ነገር ሊኖር ይችላል» ይላሉ። ያው ችግር የራሳቸው ነው ሲባል ግን ያ ማስተዋል ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ ይህን በንጉሥ ሰሎሞን ስም ሰየሙት፤ ለሰው ፈርዶ ለራሱ ባቃተው። እኛ አገር ግን ሰሎሞን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ተብሏል። ጥናቱ በተረቱ ላይ የጨመረው መፍትሔውን ነው፦ ሰውየው የራሱን ጉዳይ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ፣ ራሱን በስሙ እየጠራ ሲያስብ ልዩነቱ ይጠፋል።

አንተም ዛሬ ማታ ሞክረው። «እኔ ምን አጠፋሁ?» አትበል። ታናሽ ወንድምህ ይህንኑ ደብዳቤ ጽፎ ቢሰጥህ ምን ትለው ነበር? አክስቱ ባሏ ሲሞት ገንዘብ ብቻ እንደላከ ብትሰማ ምን ትመክረው ነበር? መልሱን የምታውቀው ይመስለኛል። ሽምግልና የሚሠራውም በዚሁ ነው። ሁለቱ የተጣሉ ሰዎች ነገራቸውን ለራሳቸው ሲያወሩት ንጹሕ ናቸው፤ ሦስተኛ ሰው ፊት ቁጭ ብለው ሲናገሩት የራሳቸውን ድምፅ እንደ ባዕድ ይሰሙታል፤ ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ሳይፈርድ ግማሹ ያልቃል። ስልክ ላይ የሚናገረው አሠልጣኝ ይህን ሊያደርግልህ አይችልም፤ አንተን አይሰማህማ።

የመንዝ ልጅ ስለሆንክ ጓሳን፣ ያንን የጋራ የሣር ምድር፣ ታውቀዋለህ። ያ ሣር ለዘመናት የቆየው ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋ ስለነበር ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ እስኪፈርስ ድረስ። ሲዘጋ ግን አንድ ሰው ብቻውን አይደለም የሚዘጋው፤ ማኅበረሰቡ ተመካክሮ ነው፤ ሲደርስም ተከፍቶ ለቤት ክዳን ይታጨዳል። አንተም ራስህን መዝጋትህ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ሰው ፈተና ሲኖርበት፣ ዕዳ ሲከፍል፣ መጠጥ ሲተው ለጊዜው ከሰው ሊገለል ይችላል። ያንተ ችግር ለማንም ሳትናገር ዘግተህ የመክፈቻውን ቀን ሳትቆርጥ መቅረትህ ነው።

እንግዲህ «አዲስ ወዳጅ ወይስ ድሮው?» ላልከው። እንደ አንተ መለወጥ የሚፈልጉ ሰዎችን ብታገኝ መልካም ነው፤ ቅዳሜ የሚያነቡ ወይም አብረው የሚሮጡ ሦስት አራት ሰዎች አይጎዱህም። ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው ቀለል ያለ ትውውቅ አዲስ የሥራ ወሬና አዲስ ሐሳብ በማምጣት በኩል ከቅርብ ወዳጅ ይበልጣል፤ የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህና። ግን መሠረትህን እዚያ ላይ አትጣል። በስኬት ዙሪያ የተሰበሰበ ቡድን የሚያቅፍህ ሲቀናህ ነው፤ ስትወድቅ «አሉታዊ ሰው» ሆነህ የምትታይበት ቀን ሊመጣ ይችላል። አንተ ራስህ ጎረቤቶችህን ያራቅክበት ሚዛን ይኸው አልነበረም? ዕድር ግን ስትወድቅ ነው የሚመጣው። ሰንበቴውም፣ የጽዋ ማኅበሩም፣ መስጊድ የሚሄድ ከሆነም የጀመዓው ሰው እንዲሁ ነው፤ ከአባላቱ ግማሹን ላትወዳቸው ትችላለህ፣ አብረሃቸው ግን ትቀመጣለህ።

ወንፈል ምን እንደሆነ ለመንዝ ልጅ አላስረዳም። እሱ ላይ ያለው ብልሃት ግን ለከተማም ይሆናል፦ ማንም «ወዳጄ ሁን» አይባባልም፤ ዛሬ ያንተን ገብስ እናጭዳለን፣ ነገ የኔን። ወዳጅነቱ ከማጭዱ ጎን የሚበቅል ነው። ብቸኝነት የሚሰማው ሰው ብዙ ጊዜ ወዳጅ ፍለጋ ይወጣና ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ፍለጋው ራሱ ፊቱ ላይ ይነበብበታል። ሥራ ይዞ የወጣ ሰው ግን ሳያስበው ወዳጅ ይዞ ይገባል።

ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው፦ ወደ ሰፈርህ ዕድር ተመለስ፣ ለአንድ ዓመት አትልቀቅ፣ በዓመቱ ውስጥም ከፋይ ብቻ ሳትሆን ሥራ ያለህ አባል ሁን። ጸሐፊውን ቤታቸው ሄደህ አነጋግር። ውዝፍ ይኖርብሃል፣ ምናልባትም ቅጣት ወይም እንደ አዲስ መመዝገቢያ፤ ሳትከራከር ክፈል። ከዚያ ድንኳን ተካይና ወንበር አመላላሽ መካከል መድበኝ በል። የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንክ መዝገቡን ልያዝላችሁ ማለት ያምርህ ይሆናል፤ ይቅርብህ። ሁለት ዓመት ጠፍቶ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን የገንዘብ መዝገብ ሲጠይቅ ደግ ነገር አይታሰብም። አንድ ዓመት ወንበር ከተሸከምክ በኋላ ራሳቸው ኦዲት አድርግልን ይሉሃል። በቡናም በኩል እንዲሁ አንድ ቤት ምረጥ፣ ቀኑን ቁረጥ፦ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ እገሊት ቤት እገባለሁ» ብለህ ሰዓትና ቦታ የተቆረጠለት ሐሳብ «ከሰው ጋር እቀላቀላለሁ» ከሚለው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ ነው።

ገደቡንም ልንገርህ። ዕድር ሕክምና አይደለም። ጭቅጭቅ አለበት፣ በየስብሰባው የሚጮኹ ሰዎች አሉበት፣ አንዳንዴም በገንዘብ ይጣላሉ። አንዳንድ ሰው ደግሞ በርግጥ መራቅ ያለበት ነው፤ የሚማታህን፣ እየተበደረ የማይመልስህን፣ ያለ አረቄ ሊያገኝህ የማይፈልገውን ሰው «ማኅበራዊ ግንኙነት» ብለህ እንድትሸከመው አልመክርህም። ስለ አረቄ ካነሣን፣ የሰፈሩ አረቄ ቤት በብርዱ ምሽት ሞቅ ያለ ማኅበር ይመስላል። ሐዘን ላይ ላለ ብቸኛ ሰው ግን በጣም አደገኛው በር እሱ ነው፤ አሁን ባለህበት ሁኔታ አትጀምረው።

ሐዘንህንም ከብቸኝነትህ ለይተህ እይ። አባትህ ካረፉ ገና አራት ወር ገደማ ነው። ማልቀስ፣ በድንገት ድምፃቸውን የሰማህ መምሰል፣ ሥራ ላይ ሐሳብህ መበተን በዚህ ጊዜ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን ውስጥህ ከጨለመ ወይም ምንም ነገር ደስ አልልህ ካለ፣ ከዚያም ጋር ምግብና እንቅልፍህ ከተዛባ፣ ራስህን የማትረባ አድርገህ ከቆጠርክ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልግሃል፤ ከተማህ ውስጥ ወዳለው ሆስፒታል ሂድና የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቅ። ጠበል ብትሄድ ይሁንልህ፣ መድኃኒት ከታዘዘልህ ግን ሐኪሙን ሳታማክር አታቋርጥ። መሞት የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ከሦስቱ ለአንዱ ደውልና በዚያው ቀን፣ በዚያው ሌሊትም ቢሆን፣ አብረኸው ሂድ። «ሌሊት ቢያመኝ የምደውልለት የለኝም» ያልከው በዚህ ምክንያት ትክክል አይደለም፤ ጣርማበርን አልፎ የመጣ ሰው ስልክ ያነሣል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ስለ ብቸኝነት የሚነገሩ አስፈሪ ቁጥሮች አያባንኑህ። ጁሊያን ሆልት-ላንስታድ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ300,000 በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን 148 ጥናቶች አሰባስባ ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝታለች። ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ አንተ ሁለት ዓመት ተገልለህ በመኖርህ ዕድሜህ አጠረ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ገልጿል። የፈረቃ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ያን ቁጥር አስብና መቀመጫዎቹን ቁጠር።

አክስትህን ለመጨረሻ ያቆየሁት የሚከብድህ እሱ ስለሆነ ነው። 2,000 ብሩ ጥፋት አልነበረም፤ ለቀብርና ለተዝካር ወጪ ረድቷቸው ይሆናል። ጥፋቱ ብሩ ባንተ ቦታ እንዲቀመጥ መላክህ ነው። ሰው ለቅሶ ዘግይቶ ሲመጣ የሚያፍረው መጪው እንጂ ሐዘንተኛው በአብዛኛው ደስ ይለዋል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሲረሳ የሟቹን ስም የሚያነሣ ሰው ስለመጣለት። አስቀድመህ ደውል፤ መልእክት አትጻፍ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳዩት ሰዎች ከቆየ ወዳጅ ጋር በድምፅ መነጋገር ያሳፍረናል ብለው ወደ ጽሑፍ ይሸሻሉ፤ ሲሞክሩት ግን ከጽሑፉ የበለጠ አያሳፍርም፣ ይበልጥ ግን ያቀራርባል። መንገዱ በማያስተማምንበት ሳምንትም ስልኩ ይበቃል። ስትደርስ «ሥራ በዝቶብኝ፣ ፈቃድ ተከልክዬ» አትበል። «አክስቴ፣ ያን ጊዜ መምጣት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» በልና ዝም በል። ብታለቅስ አብረህ አልቅስ፤ ብትቆጣህ ቁጣዋን ስማ፤ ያንተንም አባት አንሥታ ታለቅስልሃለች። አንድ ሌሊት እደር፤ በዚያው ቀን ለመመለስ ሰዓት እያየህ አትቀመጥ።

የባለቤቷ ሙት ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ከመሐል ሜዳ ወደ ገጠሩ የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ይሆናልና ግንቦት ሳያልቅ ሂድ፤ ለሙት ዓመቱ የሚያስፈልገውንም ያኔ ጠይቀህ ተመለስ።